ማማ፦ እናት፣ አባት ወይስ መጠበቂያ?

«ማማ በስዋሂሊ እናት፣ በጆርጂያኛ አባት፣ በአማርኛ ደግሞ ከፍ ብሎ የተሠራ መጠበቂያ ነው። ቃላቱ ይዛመዳሉ ወይ?» ላልከው፣ አይዛመዱም። ስዋሂሊ ከባንቱ፣ ጆርጂያኛ ከካርትቬሊያን፣ አማርኛ ከሴማዊ ቋንቋዎች ወገን ነው።

የስዋሂሊውና የጆርጂያኛው ግን እንዲሁ የመጣ ግጥምጥሞሽ አይደለም። ሕፃን አፉን ሲፈታ የሚቀናው ከንፈር ገጥሞ የሚወጣ ድምፅ ነው፤ «ማ»፣ «ባ»፣ «ፓ»። ልጁ ገና ማንንም አልጠራም። ወላጆች ግን «እኔን ነው!» ይላሉ። ብዙ ሕዝቦች «ማ»ን ለእናት ሰጡ። ጆርጂያውያን ለአባት ሰጡት፤ እናት እነሱ ዘንድ «ዴዳ» ናት። እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ይሄ ነው። የአማርኛው ማማ ትርጉሙ ከቤተሰብ ጋር አይገናኝም፤ የገጠመው ድምፁ ብቻ ነው።

አጭር ቃል ደግሞ ለመግጠም ቀላል ነው። «ኔ» በኮሪያኛም በግሪክኛም «አዎ» ነው፤ በሰርቢያኛ «አይ»። ስለዚህ አንድ ቃል ስለተመሳሰለ ዝምድና አለ አይባልም። ድምፆቹ በብዙ ቃላት ውስጥ በሥርዓት መገጣጠም አለባቸው። የእኛ «ቤት» በዓረብኛ «በይት»፣ «ሞት» ደግሞ «መውት» ነው። እንዲህ ያለው ሲደጋገም ነው ዝምድና የሚባለው።

ትርጉምም ገጥሞ ዝምድና የማይኖርበት ጊዜ አለ። በሰሜን ኩዊንስላንድ፣ አውስትራሊያ ይነገር በነበረው ምባባራም በተባለ ቋንቋ ውሻ «ዶግ» ይባል ነበር፤ ልክ እንደ እንግሊዝኛው። የቋንቋ ሊቁ ዲክሰን ሲያጠናው፣ ቃሉ «ጉዳጋ» ከሚለው የጥንት ቃል እየተሸራረፈ የመጣ ሆኖ ተገኘ።