ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ተናገሩ

ልጆቼ፣

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 2025፣ እሁድ ማታ፣ የእህቴ ልጆች ሳሎኔ ውስጥ ተሰብስበው ነበር። ሜሪላንድ ተወልደው ያደጉ ናቸው። የአሜሪካ ፉትቦል ነፍሳቸው ነው፤ የዋሽንግተን ኮማንደርስ ቲፎዞዎች ናቸው። እኔንም ጎትተው አስገብተውኛል። ቡድናችን በሲያትል ሲሆክስ 38 ለ 7 እየተመራ ነበር። አራተኛው ሩብ ላይ ነን፣ የቀረው ሰባት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ያለቀለት ጨዋታ ነው። ወጣቱ ኳርተርባካችን (ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረው፣ ማጥቃቱን ሜዳ ላይ የሚመራው ተጫዋች) ጄይደን ዳንኤልስ ግን አሁንም ሜዳ ውስጥ አለ። ጎሉ መስመር አካባቢ፣ ኳስ ይዞ ያለፈው ነጥብ የሚያገኝበት መስመር ማለት ነው፣ ኳሱን ይዞ ሲሮጥ ያዙት። ሲወድቅ ግራ እጁ ከስሩ ሆነ። ክርኑ ወለቀ።

ሳሎኑ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ ጮኸ። "በ31 ነጥብ እየተመራን እዚያ ምን ይሰራል?" አለ ትልቁ። "ኪንግስበሪ ይባረር!" አለች እህቱ። ክሊፍ ኪንግስበሪ የቡድኑ ኦፌንሲቭ ኮኦርዲኔተር ነበር። የማጥቃቱን ጨዋታ አንድ በአንድ የሚጠራው እሱ ነው።

ያን ማታ አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። "ልጁ ምንም ሳይሆን አቧራውን አራግፎ ቢነሳ ኖሮ አሁን ምን ትሉ ነበር?" ማንም አልመለሰልኝም። ይህን ደብዳቤ ለእናንተም የምጽፈው ጥያቄው እስከ ዛሬ ስላልለቀቀኝ ነው።

እኔ የግንባታ መሐንዲስ ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ሲያዝና ሰው ሲፈጽም አይቻለሁ። አንድ ነገር ሲበላሽ ሁለት ነገር ይደባለቅብናል። ውሳኔው መጥፎ ነበር ወይስ ውጤቱ? አንድ ይመስላሉ። አይደሉም።

በ2015 የተደረገውን ሱፐር ቦውል፣ የዓመቱን የዋንጫ ጨዋታ፣ አስቡ። ሲያትል በኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ 28 ለ 24 እየተመራ ጎሉ መስመር ላይ ደርሷል። የቀረው 1 ያርድ ነው፤ አንድ ሜትር አይሞላም። ሰዓቱ 26 ሰከንድ ይላል። ማርሾን ሊንችን የሚያክል ጉልበተኛ ሯጭ አላቸው። ጥሪው ግን ውርወራ ሆነ። ራስል ዊልሰን ወረወረ፣ ማልኮም በትለር የሚባል በድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት) እንኳ ያልተመረጠ ጀማሪ ልጅ ጠለፈው። አለቀ። ዋናው አሰልጣኝ ፒት ካሮልና ኮኦርዲኔተሩ ዳሬል ቤቨል ያልተሰደቡት ስድብ የለም። እስከ ዛሬም "በታሪክ መጥፎው ጥሪ" የሚሉት ብዙ ናቸው።

እስቲ ረጋ ብላችሁ ቁጠሩ። ሦስት ሙከራ ቀርቷቸዋል። ሰዓት ማስቆሚያ ያላቸው አንድ ብቻ ነው። ሮጠው ካልተሳካ ሰዓቱ መቁጠሩን ይቀጥላል፤ ለማስቆም ያቺን አንዷን መጠቀም አለባቸው። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ ውርወራ መሆኑ ግድ ነበር ማለት ይቻላል። የተወረወረ ኳስ መሬት ከወደቀ ደግሞ ሰዓቱ ራሱ ይቆማል። በዚያ የውድድር ዘመን ከ1 ያርድ ላይ ከተወረወሩ ኳሶች እስከዚያች ቅጽበት የተጠለፈ አልነበረም። ውርወራውን ሌላ ቦታ ቢያደርጉት ይሻል ነበር የሚል ክርክር አለ፤ እሱ እውነተኛ ክርክር ነው። "እብድ ናቸው" ማለት ግን ክርክር አይደለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ካሮልም ሰበብ አልፈለገም። ውሳኔው የእኔ ነው አለ።

አሁን ወደ ዳንኤልስ ተመለሱ። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። 38 ለ 7 እየተመሩ፣ በዚያው ዘመን ቀድሞም ጉልበቱንና የጭኑን ጡንቻ የታመመን ልጅ ሜዳ ላይ ማቆየት፣ ልጁ ባይጎዳም ስህተት ነበር። የሚገኘው ጥቅም ምናምኒት ነው። የሚጠፋው ግን የቡድኑ የወደፊት ተስፋ ነው። ሳይጎዳ ቢወጣ ኖሮ ማናችንም ትንፍሽ አንልም ነበር። ስህተቱ ግን እዚያው ነበር። ዋናው አሰልጣኝ ዳን ክዊን ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ወሰደው። እሱም ያን የ2015 ሱፐር ቦውል በሲያትል በኩል የመከላከል አሰልጣኝ ሆኖ ያየ ሰው ነው።

ይህን የምለው በብርድ ደም አይደለም። ያው ሜዳ፣ ያው ባላጋራ፣ ከ13 ዓመት ገደማ በፊትም አስለቅሶናል። በጃንዋሪ 2013 ሮበርት ግሪፈን የሚባል ጀማሪ ኳርተርባክ ነበረን። እንደ ዳንኤልስ በድራፍት ሁለተኛ የተመረጠ፣ እንደ ዳንኤልስ የዓመቱ ምርጥ የማጥቃት ጀማሪ የተባለ። ጉልበቱ ቀድሞ ታሞ ነበር። እያነከሰ ተጫወተ። 14 ለ 0 እየመራን ስለነበር እየዘለልን አጨበጨብን። በአራተኛው ሩብ ጉልበቱ ተጣጠፈ፣ 24 ለ 14 ተሸነፍን። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ወደ ቀድሞ ብቃቱ አልተመለሰም። ጥፋቱ የታየን ሲወድቅ ነው፤ ሲያነክስ ግን ሁላችንም እያየን ነበር።

የራሴን ልንገራችሁ። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ እሰራ ነበር። ወሩ ጥር ነው። የሦስተኛው ወለል ሶሌታ (የአርማታ ወለል) ሙሊት ነበር። ሰማዩ ጠርቷል፤ ዋናው መሐንዲስ "ጀምር" አለኝ፣ ጀመርኩ። ሥራው ሲጋመስ ከየት መጣ ያልተባለ ዶፍ ወረደ። የአርማታው ላይኛ ሲሚንቶ እየታጠበ አርማታውን በያዘው የእንጨት ቅርጽ፣ በካሳ ፎርማው፣ ጠርዝ ሲወርድ ቆሜ አየሁ። በነጋታው ባለቤቱ መጣ። ትናንት "በርቱ" ሲሉ የነበሩ ሁሉ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። ዋናው መሐንዲስ ከፊቴ ቆመና "ያዘዝኩት እኔ ነኝ" አለ። ማታ ለብቻችን ስንሆን ግን ሌላ ነገር ነገረኝ። "በጥር መሙላታችን ልክ ነው። ነገም በጥር እንሞላለን። ሸራ አለማዘጋጀታችን ግን ጥፋት ነው። ዝናብ ባይመጣም ጥፋት ነበር።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር ያዝኩ። ከእያንዳንዱ ሙሊት በፊት ቀኑን፣ ሰማዩን፣ የማውቀውን፣ የማላውቀውንና ለምን እንደወሰንኩ እጽፋለሁ። ውጤቱን በኋላ በሌላ ቀለም። ሥራ ስትጀምሩ እባካችሁ እንዲህ ያለ ደብተር ያዙ። ሰው ውጤቱን ካየ በኋላ ምን አስቦ እንደነበር በትክክል አያስታውስም። እኔም አላስታውስም፤ ደብተሩ ነው የሚያስታውሰኝ።

ስለ ጀማሪ ልጅ ስትፈርዱ ደግሞ የሚጠራለትን ሰው አብራችሁ እዩ። በአንድ ሙከራና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ 40 ሰከንድ ነው። ሰዓቱ 15 ሲደርስ ጥሪውን የሚሰማበት በሄልሜቱ ውስጥ ያለው ሬዲዮ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ልጁ ብቻውን ነው። የሰማው ቋንቋ ካልገባው የሚጠይቀው ሰው የለም። አሌክስ ስሚዝ የሚባል ኳርተርባክ በ2005 ከሁሉ አንደኛ ተመርጦ የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ገባ። በመጀመሪያ ዓመቱ ጎሉ መስመር አልፎ ነጥብ ያስገኘ ውርወራው 1 ብቻ ነበር፣ 11 ኳስ ተጠለፈበት። "አይረባም" ተባለ። እስከ 2009 ድረስ በየዓመቱ አዲስ ኮኦርዲኔተር መጣበት። በየዓመቱ አዲስ ፊደል ቆጠረ ማለት ነው። በ2011 ጥሩ አሰልጣኝ ሲያገኝ ያው ልጅ ቡድኑን 13 ጨዋታ አሸንፎ 3 ብቻ እንዲሸነፍ መራው። ቡፋሎ የሚባለው ቡድን ውስጥ ኳርተርባኩ ጆሽ አለን በመጀመሪያ ዓመቱ ከወረወረው የተያዘለት 52.8 በመቶ ነበር። ብራያን ዳቦል የሚባለው ኮኦርዲኔተር አብሮት ቆየ፣ ጥሪውን በልጁ ልክ እየሰፋ። በሦስተኛው ዓመት 69.2 በመቶ ደረሰ። ሥራ ስትመርጡ ከደመወዙ ቀጥሎ አለቃችሁ ማን እንደሆነ፣ ይቆይ እንደሆነ ጠይቁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

እኛ ቤት አሁን ደንብ አለ። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱ ጥሪውን ወረቀት ላይ ይጽፋል። ያልጻፈ መናደድ አይችልም። መጀመሪያ ቀን ትንሹ "ሩጫ" ብሎ ጻፈ። ጥሪው ውርወራ ሆነ፣ ኳሱ መሬት ወደቀ። ከሶፋው ዘሎ ተነሳ።

"አላልኩም? ሩጫ ነው ያልኩት!"

"ለምን ሩጫ አልክ?" አልኩት።

"የቀረው ሁለት ያርድ ነበራ፣ ጋሼ።"

"ሩጫውን ሊዘጋ ስምንት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ነበር እኮ" አለች እህቱ።

ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። ድጋሚውን እያሳዩ ነበር። በጣቱ ቆጠራቸው። ከዚያ ተቀመጠና "ሩጫ" ካለው ስር "8 ሰው" ብሎ ጻፈ።