መኪናው ጣርማበር ላይ ጠፍቶ ሲነሳ ለምን ይሻለዋል?

ከሸዋ ሮቢት የጻፈልኝ አንባቢ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው።

«ጋሼ፣ የኮሮላዬ ኮምፒውተር ተቃጠለብኝ። ባለ 1.6 ኢንጀክሽን ሞተር ነው። ያገለገለ ፈልጌ ሳጣ ሜጋስኩዌርት 2 የሚባለውን፣ ተጠቃሚው ራሱ የሚያስተካክለውን የሞተር ኮምፒውተር በኪት አስመጥቼ ራሴ በሶልደር ገጣጠምኩት። ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳልረግጥ) የማፕ ንባቡ፣ ማለትም የኢንቴኩ (የሞተሩ አየር መግቢያ) ግፊት፣ እየዘለለ ስላስቸገረኝ አልፋ ኤን ላይ፣ ማለትም በትሮትሉ (የአየር መግቢያው በር) አከፋፈትና በዙሩ በሚሠራው ስልት ላይ አደረግኩት። የውጭ ግፊት ሲቀንስ ቤንዚን እንዲቀንስም የባሮ ኩርባውን ሞላሁ። ቆላ ላይ ምንም አይለኝም። ደብረ ሲናን አልፌ ወደ ጣርማበር ስወጣ ግን ጥቁር ጭስ ይለቃል፣ ጉልበት ያጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ቆሜ አጥፍቼ ሳስነሳው ወዲያው ይሻለዋል። የቤንዚን ፓምፑን ቀይሬያለሁ፣ ኢንጀክተሮቹን አሳጥቤያለሁ። ደብረ ብርሃን ሲያድር ደግሞ በጠዋት አልነሳ ይለኛል። ምን ቀረኝ?»

ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። «አጥፍቼ ሳስነሳው ይሻለዋል» ብለሃል። ፓምፕ ቢደክም ወይም ኢንጀክተር ቢያፈስ ቁልፍ ማጥፋት አያድነውም። ያወጣኸው ገንዘብ ያሳዝናል፤ ለነገሩ ፓምፑ አንድ ቀን መቀየሩ አይቀርም ነበር።

የኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ ያለው የግፊት ሴንሰር (ማፑ) አንድ ነው፤ ሥራው ግን ሁለት ነው። ቁልፍ ከፍተህ ሞተሪኖ (ማስነሻውን) ሳትመታ፣ ኢንቴኩ ውስጥ ያለው አየር ከውጭው ጋር እኩል ነው። ኮምፒውተሩ ያኔ የውጭውን ግፊት ለክቶ ይይዛል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ያው ሴንሰር የኢንቴኩን ግፊት ብቻ ነው የሚያየው። መጀመሪያ የተያዘው ቁጥር ቁልፍ እስኪጠፋ ድረስ አይነቃነቅም። ቅንብሩ ላይ «ኢኒሻል ማፕ ሪዲንግ» የሚለው ይኸው ነው።

ሸዋ ሮቢት 1280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ወደ 87 ኪሎ ፓስካል ነው። የጣርማበር ዋሻ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ወደ 70 ይወርዳል። ጠዋት ቤትህ አስነስተህ ሳታጠፋ ከወጣህ ኮምፒውተሩ አሁንም ሸዋ ሮቢት ያለ ይመስለዋል። አልፋ ኤን ደግሞ የቤንዚኑን መጠን የሚቆርጠው ትሮትሉ ስንት እንደተከፈተና ዙሩን አይቶ ነው፤ አየሩ መሳሳቱን ከዚያች ከመጀመሪያዋ ቁጥር በቀር የሚነግረው የለም። 87ን ለ70 አካፍለው። ከሚያስፈልገው ሩብ ያህል የሚበልጥ ቤንዚን እየረጨ ነው። ጭሱም ጥላሸቱም ከዚያ ነው። አጥፍተህ ስታስነሳው ግን 70ን እንደ አዲስ ለክቶ ይይዛል፤ የሚሻለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። አንዳንዱ ልጅ ይህን ዘዴ ሲያውቅ እየነዳ ቁልፍ አጥፍቶ መክፈት ይጀምራል። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑም የመሪውም እገዛ ይሄዳል። ጣርማበር ላይ፣ በዚያ ጭጋግ፣ አይሱዙ ከኋላህ እየመጣ፣ እንዳትሞክረው።

እኔ አንተን ብሆን አልፋ ኤንን እተወዋለሁ። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ትሮትል ላለው የውድድር ሞተር ጥሩ ነው። የአንተ ኮሮላ ግን ባለ አንድ ትሮትል፣ ያልተነካካ ሞተር ነው። ወደ ስፒድ ዴንሲቲ መልሰው። በዚህ መንገድ ኮምፒውተሩ የኢንቴኩን ግፊት በየቅጽበቱ እያየ ቤንዚን ስለሚቆርጥ ከፍታው በአብዛኛው በራሱ ይስተካከላል።

«ማፑ ይዘላል እኮ» ትለኛለህ። ቱቦውን ከየት ነው ያወጣኸው? ወደ አንዱ ሲሊንደር ከሚሄደው ቧንቧ ከሆነ መዝለሉ አይቀርም፤ ያ ሲሊንደር በሳበ ቁጥር ግፊቱ ይወርዳል። ከትሮትሉ ቀጥሎ ካለው፣ አራቱም ከሚጋሩት ሰፊ ክፍል አውጣው። ከፍሬን ሰርቮ ቱቦ ጋር አታጋራው። ቱቦው ከሳጥኑ ወደ ሞተሩ ቁልቁል ይውረድ፤ አለዚያ የቤንዚን ርጥበት ወደ ሴንሰሩ ይሄዳል። የሴንሰሮቹ ነጌቲቭም ወደ ሳጥኑ ይመለስ። ቦዲ ላይ የታሰረ ነጌቲቭ ካለ ቱቦው ደህና ቢሆንም ንባቡ ይዘላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ስፒድ ዴንሲቲ ላይ ስትመለስ የሞላኸውን የባሮ ኩርባ እንዳለ አትተወው። ማፑ ራሱ ቀንሶ ሳለ ኩርባው ደግሞ ይቀንሳል፤ ሁለት ጊዜ ተቀነሰ ማለት ነው። ያኔ ዳገቱ ላይ ጭስ የለም፣ ግን ቤንዚን ያንሰዋል፣ ሞተሩም ይግላል። ይህ ከጥቁር ጭስ የከፋ ነው። መጀመሪያ ባሮ ኮሬክሽኑን ዝጋው። ኮምፒውተሩ የቤንዚኑን መጠን የሚያነብበት የቪኢ ሠንጠረዥም ከትሮትል ወደ ኪሎ ፓስካል ስለሚዞር እንደ አዲስ ይሞላል። ዋይድባንድ (የቤንዚኑንና የአየሩን ምጣኔ በቁጥር የሚያሳይ ኦክስጅን ሴንሰር) ሳይኖርህ ይህን አትጀምር። የፋብሪካው ኦክስጅን ሴንሰር በዛ ወይም አነሰ ከማለት በቀር ስንት እንደሆነ አይነግርህም።

የት እንደምታስተካክለውም ልብ በል። እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምሠራው፣ 2840 ሜትር ገደማ ላይ። እዚህ ጋዙን እስከ መጨረሻ ብትረግጠው ማፑ ከ72 ብዙም አያልፍም። ከዚያ በላይ ያሉትን የሠንጠረዡን መስመሮች ሞተሩ አይነካቸውም፤ ያልተነካ ደግሞ አልተፈተሸም። ድሮ አንድ ደንበኛ እዚህ አስተካክዬ ሸኘሁት። ወደ አዋሽ ወርዶ ሜዳውን ሲያገኝ ረገጠው። የተቃጠለ ፒስተን ይዞ ተመለሰ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የላይኞቹ መስመሮች ላይ ቤንዚኑ አንሶ፣ የካንዴላው እሳትም ከልክ በላይ ቀድሞ ነበር። አንተ ቆላ ስለሆንክ ዕድለኛ ነህ። ዋናውን ሥራ እዚያው ሥራው፣ ወደ ላይ ስትወጣ አረጋግጥ። ከ87 በላይ ያሉት መስመሮች ላይ ግን ቤንዚኑን ትንሽ አብዛ፣ የእሳቱን ቅድሚያ ቀንስ።

ደብረ ብርሃን ሲያድር በጠዋት አልነሳ ይለኛል ያልከው ሌላ ጉዳይ ነው። ሜጋስኩዌርት ሲመጣ የሙቀት ሴንሰሮቹ ቁጥር ለጂኤም የተሞላ ነው። የቶዮታው ይለያል፦ 20 ዲግሪ ላይ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ከ0.2 እስከ 0.4። መኪናው ካደረ በኋላ ሳታስነሳ ላፕቶፑን ሰካ። የውሃውና የአየሩ ሙቀት እኩል ካላሳዩ፣ ወይም ውርጭ ባደረበት ጠዋት 25 ካሉህ፣ ቁጥሩን አርም።

ቱቦውን ካዛወርክ በኋላ ቲዩነር ስቱዲዮ (ሜጋስኩዌርትን በላፕቶፕ የምታስተካክልበት ፕሮግራም) ላይ ሎግ፣ ማለትም የንባቦቹን መዝገብ፣ ቅዳልኝ። ሞተሪኖ ሳትመታ፣ ቁልፍ ከመክፈትህ ጀምር፤ የመጀመሪያዋን የግፊት ቁጥር ማየት እፈልጋለሁ። ከሸዋ ሮቢት እስከ ዋሻው አፍ ድረስ ሳታጠፋ ይሁን። ላፕቶፑን የሚይዝ ሰው አጠገብህ ይቀመጥ።