መጀመሪያ ደረቁን አፈር ያዙ

ልጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሲቪል ምህንድስና የሚማሩ የሰፈር ልጆች አልፎ አልፎ ወርክሺት ይዘው ይመጣሉ። አብዛኞቹ ጎበዞች ናቸው። አንድ ነገር ግን ደጋግሜ አያለሁ። ጥያቄውን አንብበው ሳይጨርሱ ፎርሙላ ፍለጋ ይገባሉ። የመውጫ ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ይሁን ወይም ጊዜው የጥድፊያ ስለሆነ እንጃ። «ጋሼ፣ ለዚህኛው የትኛው ፎርሙላ ነው?» ይሉኛል። እኔም «አፈሩ ምን ሆነ?» ብዬ መልሼ እጠይቃለሁ። ሳይናደዱብኝ አይቀሩም።

ይህን የምጽፈው ለእነሱም ለእናንተም ነው። ሶይል ሜካኒክስ፣ የአፈርን ባህርይ የሚያጠናው ትምህርት፣ ከባድ የሚመስለው ፎርሙላው ስለሚበዛ ነው። መጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ላይ ያለው ፎርሙላ ግን አብዛኛው አንድ ነገር በተለያየ ልብስ ነው። አፈር ጠጣር፣ ውሃና አየር ነው። ውሃው ይተናል፣ ይጨመራል። አየሩ ይወጣል፣ ይገባል። ጠጣሩ ግን ጭናችሁ ካልወሰዳችሁት ወይም ጎርፍ ካልጠረገው በስተቀር ያው ነው። እርጥብ ይሁን ደረቅ፣ ይላላ ይጠቅጠቅ፣ የጠጣሩ ክብደት አይለወጥም። ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ እሱን ያዙ። ሌላው ይከተላል።

እህል ገበያ ላይ ቁና ሲሰፈር አይታችኋል። ሰፋሪው ቁናውን ነቅነቅ ሲያደርገው እህሉ ዝቅ ይላል፤ ገዢው «ሙላልኝ እንጂ» ይላል። ፍሬው አልቀነሰም። የቀነሰው በፍሬዎቹ መሀል ያለው ባዶ ቦታ ነው። ቮይድ ሬሾ የምትሉት ያ ባዶ ቦታ በፍሬው ይዘት ሲካፈል ነው። በቃ።

በቁጥር እንየው። 1,000 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነ የአፈር ናሙና አላችሁ እንበል። ሲመዘን 1,820 ግራም ነው። ኦቨን ውስጥ ከ105 እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አድርቃችሁ ስትመዝኑት 1,400 ግራም ሆነ። የወጣው ውሃ 420 ግራም ነው። ሞይስቸር ኮንተንት (እርጥበቱ) 420 ሲካፈል ለ1,400፣ ማለትም 30 በመቶ። የጠጣሩ ስፔሲፊክ ግራቪቲ (ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ) 2.70 ከሆነ ጠጣሩ ብቻውን የሚይዘው ቦታ 1,400 ሲካፈል ለ2.70፣ ወደ 518.5 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። የቀረው 481.5 ባዶ ቦታ ነው። ቮይድ ሬሾው 0.93 ገደማ ይሆናል። አንድ ግራም ውሃ አንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ስለሚይዝ ከባዶው ቦታ 420ው በውሃ ተይዟል፤ ስለዚህ ሳቹሬሽኑ 87 በመቶ ነው። ልብ በሉ፣ እስካሁን አንድም ፎርሙላ አልሸመደድንም። መዘንን፣ ቀነስን፣ አካፈልን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ። እርጥቡ ዴንሲቲ 1.82፣ እርጥበቱ 30 በመቶ ከተባለ ድራይ ዴንሲቲው (የደረቁ ክብደት ለጠቅላላው ይዘት ሲካፈል) ስንት ነው ስላቸው ብዙዎቹ 1.82ን በ0.70 ያባዛሉ። 1.27 ይላሉ። ልክ አይደለም። እርጥበት የሚሰላው ከጠቅላላው ክብደት ላይ ሳይሆን ከደረቁ ላይ ነው። ደረቁ 100 ከሆነ ውሃው 30፣ ድምሩ 130 ነው። ስለዚህ 1.82 ለ1.30 ይካፈላል፤ መልሱ 1.40 ነው። በደረቁ ላይ ስለሚሰላም እርጥበት ከ100 በመቶ ሊበልጥ ይችላል። አንዳንድ የረግረግ አፈር እንዲያ ነው። ይህን የሰማ ተማሪ «እንዴት ከመቶ በላይ?» ብሎ ከተገረመ ገና ደረቁን አልያዘም ማለት ነው።

ይህ ነገር ሳይት ላይ ብር ነው። መራዊ አጠገብ ያለውን የቆጋን ግድብ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የአፈር ግድብ ነው፣ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራ። እንዲህ ያለ ሥራም ሆነ አንድ ተራ የመንገድ ሙሌት ሲታሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ አፈሩ ከየት ይምጣ፣ ስንትስ ይቆፈር የሚለው ነው። ምሳሌ እኔ ላምጣ። 10,000 ሜትር ኩብ የተጠቀጠቀ ሙሌት ያስፈልጋል። ድራይ ዴንሲቲው 1.50 ቶን በሜትር ኩብ እንዲሆን ተፈልጓል። የሚቆፈረው ቀይ አፈር መሬት ውስጥ እንዳለ ሲለካ ዴንሲቲው 1.50፣ እርጥበቱ 20 በመቶ ነው። ስንት ሜትር ኩብ እንቆፍር?

ቸኩሎ የሚያነብ «ሁለቱም 1.50፣ እንግዲያው 10,000 ነው» ይላል። ወጥመዱ ይሄ ነው። አንደኛው 1.50 የደረቅ ነው፣ ሌላው የእርጥብ። ጠጣሩን ያዙ። ሙሌቱ የሚፈልገው ደረቅ አፈር 10,000 በ1.50፣ 15,000 ቶን ነው። የሚቆፈረው አፈር ድራይ ዴንሲቲው 1.50 ሲካፈል ለ1.20፣ ማለትም 1.25 ነው። 15,000 ለ1.25 ሲካፈል 12,000 ሜትር ኩብ። ልዩነቱ 2,000 ሜትር ኩብ ነው። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 125 ምልልስ ይሆናል፤ ያውም አፈር ሲቆፈር ላልቶ መብዛቱን ሳንቆጥር። ጨረታ ላይ ይህን የሳተ ኮንትራክተር ሲያለቅስ ይከርማል።

ውሃውም እንዲሁ ነው። በደንብ እንዲጠቀጠቅ እርጥበቱ 26 በመቶ መሆን አለበት ከተባለ ከ20 ወደ 26 የ6 በመቶ ጭማሪ ነው። የምን 6 በመቶ? የደረቁ። 15,000 ቶን በ0.06 ሲባዛ 900 ቶን ውሃ። 15,000 ሊትር በሚይዝ ቦቴ 60 ምልልስ ነው፤ መንገድ ላይ የሚተነው ሳይታሰብ። በበጋ ወንዙ ሲቀንስ ይህ ቁጥር የሥራውን ፕሮግራም ይወስናል። በክረምት ደግሞ ጣጣው ተገላቢጦሽ ነው፤ የጎጃም ዝናብ ያጠጣውን አፈር የሚያደርቅ ፀሐይ ከየት ይመጣል?

ለምን 26? በ1933 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ራልፍ ፕሮክተር የሚባል የካሊፎርኒያ መሐንዲስ እንዳሳየው፣ በአንድ ዓይነት ጉልበት ሲጠቀጠቅ ለእያንዳንዱ አፈር የሚመቸው እርጥበት አለ። ካነሰ ቅንጣቶቹ አይንሸራተቱም። ከበዛ ቦታውን ውሃው ይይዘዋል። 26 እዚህ ለምሳሌ ያመጣሁት ነው፤ የእናንተን አፈር ቁጥር የሚነግራችሁ ላብራቶሪ ብቻ ነው።

ደረቁን መያዝ ውሸትም ያጋልጣል። የሙሌት ሪፖርት መጣላችሁ እንበል። እርጥበት 26 በመቶ፣ ድራይ ዴንሲቲ 1.65፣ ስፔሲፊክ ግራቪቲ 2.70 ይላል። ቁጥሩ ያምራል፤ ሁሉም «አልፏል» ተብሎ ተፈርሞበታል። አንድ ግራም ደረቅ አፈር 0.37 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይይዛል። ውሃው 0.26 ነው። ምንም አየር ባይኖር እንኳ ድምሩ 0.63 ነው። አንድ ለ0.63 ሲካፈል 1.59 ገደማ። ከዚህ በላይ መጠቅጠቅ አይቻልም፤ ሮለሩ የፈለገውን ያህል ቢከብድ። 1.65 ከየት መጣ? ወይ መለኪያው ተበላሽቷል፣ ወይ ስፔሲፊክ ግራቪቲው የሌላ አፈር ነው፣ ወይ ሰውዬው ቢሮ ቁጭ ብሎ ሞልቶታል። ከመፈረማችሁ በፊት ይህችን የሁለት ደቂቃ ስሌት ሥሩ። በኋላ ስማችሁ ነው ያለበት።

አሁን ወደ ኢፌክቲቭ ስትረስ ልሂድ። ይህን ሐሳብ ካርል ቴርዛጊ የሚባል መሐንዲስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ ኢስታንቡል እያስተማረ ነው ያበጀው። ቀላል ነው፤ ከላይ የሚመጣውን ክብደት ጠጣሩና ውሃው ይካፈሉታል። የውሃውን ድርሻ ከጠቅላላው ቀንሱ፤ የቀረው ጠጣሩ የተሸከመው ነው። አፈር የሚጠነክረውም የሚሰምጠውም በዚህ በቀረው ነው።

ጣናን አስቡ። ጥልቁ ቦታ ላይ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከሐይቁ ወለል 2 ሜትር ዝቅ ብሎ ያለ ጭቃ ምን ያህል ተጭኖታል? የጭቃው ዩኒት ዌይት (የአንድ ሜትር ኩብ ክብደት) 17 ኪሎኒውተን በሜትር ኩብ ይሁን፤ የውሃው 9.81 ነው። ጠቅላላው 14 በ9.81 ሲደመር 2 በ17፤ 171.3 ኪሎፓስካል። የውሃው ግፊት 16 በ9.81፤ 157። ልዩነቱ 14.4 ገደማ። አሁን ወደ ዳር ውጡ፤ ውሃው 1 ሜትር ብቻ በሆነበት። ጠቅላላው 43.8፣ የውሃው 29.4። ልዩነቱ አሁንም 14.4! ከላይ ያለው 13 ሜትር ውሃ ለጠጣሩ ምንም አልጨመረበትም። ሁለቱም ላይ እኩል ስለሚደመር ይሰረዛል። ይህን ያልጠበቀ ተማሪ ሠርቶት ሲያየው ፊቱ ላይ የሚታየው ነገር ለእኔ የሻይ ያህል ነው።

የዓባይ በረሃ መንገድ ላይ ያለው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ደጀንን ወርዳችሁ ወደ ድልድዩ ስትሄዱ መንገዱ ተሰንጥቆ፣ ሰምጦ፣ ተጠግኖ ያያችሁበት ቦታ አይጠፋም። መሬቱ የሚንሸራተት መሬት ነው፤ ክረምት ደግሞ ይብሳል። ለምን? ሜዳ ላይ ያለ አፈር አድርገን በግምት እንሥራው። 5 ሜትር ጥልቀት፣ በበጋ ዩኒት ዌይቱ 18፣ የከርሰ ምድር ውሃው ሩቅ። ጠጣሩ የተሸከመው 90 ኪሎፓስካል ነው። ዝናቡ መጣ፤ ውሃው እስከ ላይ ሞላ፤ ዩኒት ዌይቱ 20 ሆነ። ጠቅላላው 100፣ የውሃው 49፣ ለጠጣሩ የቀረው 51። የፍሪክሽን አንግሉ (የሰበቃው መለኪያ) 25 ዲግሪ ከሆነ፣ በታንጀንቱ፣ በ0.47 ገደማ፣ ስናባዛ የሰበቃ አቅሙ ከ42 ወደ 24 ወረደ። ክብደቱ ጨመረ፣ መያዣው ግን ወደ ግማሽ ሊወርድ ትንሽ ቀረው። ገበሬው ማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣው ውሃ እንዳይተኛበት ነው። እኛም ተዳፋት ላይ ከግንብ በፊት ስለ ማፋሰሻ ማሰብ ያለብን በዚሁ ምክንያት ነው። ግንብ ይታያል፣ ይመረቃል። ማፋሰሻን ማንም አይመርቀውም።

ኮንሶሊዴሽንን፣ ማለትም ውሃው እየወጣ ጭቃው ቀስ በቀስ መስመጡን፣ በአጭሩ ልለፈው። ጭነት ሲመጣ መጀመሪያ ውሃው ይሸከመዋል፤ እየወጣ ሲሄድ ለጠጣሩ ያስረክባል። የሚፈጀው ጊዜ ውሃው በሚሄድበት ርቀት ስኩዌር ይጨምራል። ባለ 4 ሜትር ጭቃ ከላይም ከታችም መውጫ ካለው ርቀቱ 2 ሜትር ነው። ከታች ድንጋይ ከዘጋው 4 ሜትር ይሆናል፤ ጊዜው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ። ፈተና ላይ «ደብል ድሬይኔጅ» የምትለዋን ቃል ዘሎ የሚያነብ ነጥቡን እዚያው ጥሎ ይሄዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ወርክሺቱ ላይ ያለው አፈር ጨዋ ነው። የእኛ ዋልካ ጨዋ አይደለም። በብቸናና በደጀን በኩል ያለው ጥቁር አፈር በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። የጠጣሩ ክብደት እዚህም አይለወጥም፤ ቮይድ ሬሾው ግን ከወር ወር ይለዋወጣል። ስለዚህ በመጋቢት የተለካን ዴንሲቲ ለነሐሴ አትጠቀሙበት። ናሙና ሲመጣላችሁ መቼና ከስንት ሜትር እንደወጣ ጠይቁ። ቀላል ቤት ዋልካ ላይ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ ከብዶት አይደለም። ቀሎት ነው፤ እብጠቱ ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህን ለባለቤቱ ማስረዳት ከስሌቱ ይከብዳል። «ግድግዳውን አወፍሩልኝ» ይላችኋል።

ስትሠሩ ሣሉ። ሦስት ክፍል ያለው ሣጥን፣ በግራ ይዘት፣ በቀኝ ክብደት። የተሰጣችሁን ሙሉ፤ ባዶው ቦታ ቀጥሎ ምን እንደምትሠሩ ይነግራችኋል። ይዘት ወይም ክብደት ካልተሰጣችሁ አትደንግጡ፤ የጠጣሩን ይዘት አንድ ብላችሁ ጀምሩ። ሳቹሬሽን ከ100 በመቶ ከበለጠ ተመለሱ። ድራይ ዴንሲቲ ከእርጥቡ ከበለጠ ተመለሱ። ካልኩሌተሩ አምስት ዴሲማል ስላወጣ ብቻ አትመኑት።

እስኪ ይህን ሞክሩ። ሙሉ በሙሉ ውሃ የጠጣ ዋልካ፣ እርጥበቱ 40 በመቶ፣ ስፔሲፊክ ግራቪቲው 2.75። ውሃው እስከ መሬቱ ገጽ ሞልቷል። 3 ሜትር ጥልቀት ላይ ኢፌክቲቭ ስትረሱ ስንት ነው? ዩኒት ዌይት አልሰጠኋችሁም፣ አያስፈልግም። የጠጣሩን ይዘት አንድ በሉ፤ ክብደቱ 2.75፣ ውሃው 1.10፣ ጠቅላላ ይዘቱ 2.10 ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ራሳችሁ ሂዱበት። 24.5 ኪሎፓስካል ገደማ ካልመጣላችሁ ሣጥኑን እንደገና ሣሉት።