የዕዝ ኢኮኖሚ፣ የልጆች ቁመትና የአንቺ የመመረቂያ ጽሑፍ

ደብረ ብርሃን የሥነ ምግብ ተማሪ ነሽ። የደርግ ዘመን የዕዝ ኢኮኖሚ (መንግሥት ምርትና ዋጋን የሚወስንበት ሥርዓት) በገበሬው ላይ የጣለው የእህል ኮታ የልጆችን እድገት ምን ያህል እንደጎዳ ማጥናት ፈልገሽ፣ «ርዕሱ ሥራ ያስገኛል ወይ?» ብለሻል። ርዕሱ ብቻውን አያስገኝም፤ በእሱ ሰበብ የምትለምጂው የመረጃ ማጥራት ግን ያስገኛል።

ሜትር ይዘሽ መንዝ ለመውጣት አትቸኩዪ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን ቁመት መዝግቧል። በረሃቡ ዓመት፣ በ1977 የተወለደችው ያኔ 31 ዓመቷ ነው፤ እድገቷ አልቋል፣ እርጅናም ገና አላሳጠራትም። የጥናቱ የመረጃ ፋይል ግን ወጥመድ አለው። በቁመት ዓምዱ 1580 ማለት 158 ሴ.ሜ. ሲሆን፣ ከ9990 በላይ ያለው «አልተለካችም» ወይም «ልኬቱ ያጠራጥራል» የሚል ምልክት ነው፤ ካላወጣሽው አማካዩን ያበላሸዋል። የልደትና የቃለ መጠይቅ ጊዜ የተመዘገበባቸው የወር ቁጥሮች በእኛ አቆጣጠር ስለሆኑ ወደ ፈረንጁ ለመቀየር 92 ወር ትደምሪያለሽ። ሰዎች ስለሚያጠጋጉት ዕድሜም 30 እና 35 ላይ ይከማቻል፤ አንድ ዓመት ነጥለሽ አትመኚ። ናሙናው ክልልን እንጂ ዞንን አይወክልም፤ ስለዚህ «ሰሜን ሸዋ»ን ከርዕስሽ አውጪ።

ከባዱ ምክንያትን መለየት ነው። በ1977 ድርቅ፣ ጦርነትና ኮታ ተደራርበዋል። የመንግሥቱ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህሉን ከገበያ ባነሰ ዋጋ ይሰበስብ ነበር፤ ኮታ ያልሞላለት ገበሬ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክባል፤ ኬላው ደግሞ ነጋዴው ትርፍ ካለበት እህል እንዳያወጣ ያግዳል። አሠራሩ እስከ 1982 ስለዘለቀ፣ ዝናብ ሻል ባለባቸው ዓመታት የተወለዱትን ለብቻ እዪ። ይህን ካልለየሽ ጽሑፍሽ ስለ ድርቅ እንጂ ስለ ዕዝ ኢኮኖሚ አይደለም፤ ፈታኞችም መጀመሪያ የሚይዙሽ እዚህ ላይ ነው።

ማነጻጸሪያ አለሽ። በረሃቡ ጊዜ ከ3 ዓመት በታች የነበሩ ኢትዮጵያውያን ሲያድጉ ቢያንስ 5 ሴ.ሜ.፣ በ1959 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ቻይናውያን ወደ 3 ሴ.ሜ. አጥረው ተገኝተዋል። በሰሜን ኮሪያ በ1998 እ.ኤ.አ. ከተለኩት ሕፃናት 62 በመቶው ቀንጭረው ነበር። የሞቱት ስለማይለኩ ጉዳቱ ከሚታየው ሊበልጥ ይችላል። ከፍታንም አስገቢ፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ከፍታ ራሱ እድገትን ይቀንሳል።

ለሥራ ስታመለክቺ የትንተና ኮድሽን አያይዢ። ለመስክ ተቆጣጣሪነት ከሆነ ግን ሌላ ይፈለጋል፤ ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በጀርባው ተኝቶ በሁለት ሰው ይለካል፣ ቆሞ ከተለካ 0.7 ሴ.ሜ. ይደመርለታል።