ማን ይሰማል? የመድረክ ንግግር ጥያቄና መልስ

ከሐዋሳው የቲያትር ክበባችን አባላት የመጡትን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ስለ አልባሳት የጠየቃችሁ ለሌላ ቀን ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ መነባንብና የብቻ ንግግር በምን ይለያያሉ? ሁለቱም ረጅም ናቸው።

መልስ፦ ርዝመቱን ተዉት። ገጸ ባሕርዩ ማን ይሰማኛል ብሎ ነው የሚናገረው? የሼክስፒርን «ጁሊየስ ቄሳር» ሦስተኛ ገቢር ውሰዱ። ገዳዮቹ ሲወጡ የቄሳር ወዳጅ አንቶኒ ከአስከሬኑ ጋር ብቻውን ይቀራል። ከነፍሰ ገዳዮቹ ጋር ስለተለሳለሰ ሟቹን ይቅርታ ይጠይቃል፤ በኢጣሊያ ምድር ደም እንደሚፈስም ይተነብያል። በሕይወት ያለ የሚሰማው የለም፤ የብቻ ንግግር ነው። በሚቀጥለው ትዕይንት ያንኑ አስከሬን ይዞ ሕዝብ ፊት ይቆማል፤ ከገዳዮቹ አንዱን፣ ብሩተስን፣ «የተከበረ ሰው» እያለ ደጋግሞ ያሞግሰዋል፤ ሕዝቡ ግን በብሩተስ ላይ ይነሣል። ይህ ሰሚ ያለው ረጅም ንግግር ነው፤ መነባንብ ማለት ይኸው ነው። በመጀመሪያው ልቡን ገለጠ፣ በሁለተኛው ሸሸገ። ሁለቱን በአንድ ድምፅ የሚያነበንብ ተዋናይ ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ ሟቹን እያናገረው እንዴት ብቻውን ነው ይባላል?

መልስ፦ አስከሬን አይሰማማ! የእኛ አልቃሽም ሟቹን በስሙ እየጠራች ታናግረዋለች፤ ነገር ግን ለቀስተኛው እንደሚሰማት ታውቃለች፣ ግጥሟንም የምትመርጠው ለለቀስተኛው ነው። ስለዚህ እርሷን ከመነባንቡ ጎን አቆማታለሁ።

ጥያቄ፦ ምልልስ የሁለት ሰዎች ብቻ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሦስትም አምስትም ሆነው ይመላለሳሉ።

ጥያቄ፦ የጎን ንግግርን፣ ማለትም ሌላው ገጸ ባሕርይ እንደማይሰማው ተቆጥሮ ለተመልካቹ የሚነገረውን፣ ተመልካቹ እንዴት ይለየዋል?

መልስ፦ በአንገት። ባለፈው ልምምድ አማቹን የሚጫወተው ልጅ «ይህ ሽማግሌ ሊበላኝ ነው» የሚለውን ሽማግሌውን ፊት ለፊት እያየ ተናገረው፤ ሽማግሌውም ራሱን ነቀነቀ! ሳቅ በሳቅ ሆንን። ትከሻህ ወደ ሽማግሌው እንደዞረ ይቆይ፤ ፊትህን ብቻ ወደ ተመልካቹ መልስ፣ ተናገርና ተመለስ። ሽማግሌውም ቡናውን ፉት ይበል እንጂ ደርቆ አይጠብቅህ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ በስልክ ሲያወራስ?

መልስ፦ ግማሹ የማይሰማን ምልልስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ፓሪስ ላይ የታየው የዣን ኮክቶ «የሰው ድምፅ» ሙሉ በሙሉ አንዲት ሴት ከፍቅረኛዋ ጋር በስልክ ስትነጋገር የሚያሳይ ነው። እዚህ ላይ ትልቁ ሥራ ዝምታው ነው፤ ተዋናይዋ የማንሰማውን መልስ ሰምታ ካልጨረሰች ቀጣዩን ቃል መናገር የለባትም።

ጥያቄ፦ በሼክስፒር «ሐምሌት» ልዑሉ ሐምሌት ስለ መሆንና አለመሆን ሲናገር የሚያፈቅራት ኦፊልያ መድረክ ላይ ናት፤ ንጉሡና አባቷ ፖሎኒየስም ተደብቀዋል። ታዲያ የብቻ ንግግር ነው?

መልስ፦ ሐምሌት ብቻዬን ነኝ ብሎ ካመነ፣ አዎን። አዘጋጁ «መደበቃቸውን ያውቃል» ብሎ ከወሰነ ግን አንድ ቃል ሳይለወጥ ንግግሩ ለጠላት ጆሮ የተወረወረ ወጥመድ ይሆናል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ቅዳሜ ግን ሁለቱንም እንሞክራቸዋለን።