ስካን አድርገው ከመጣልዎ በፊት፦ ስለ ቆዩ የጌም ማኑዋሎች

ታላቅ ወንድምዎ ትተውልዎት የሄዱት ካርቶን በቆዩ የቪዲዮ ጌም ማኑዋሎች የተሞላ መሆኑን፣ ካሴቶቹና መጫወቻዎቹ ግን አብረው እንደሌሉ ገልጸው፣ «ጌሙ ከሌለ ማኑዋሉ ምን ያደርጋል? ለስካን ድርጅት ሰጥቼ ፋይሉን ብቻ ባስቀርና ወረቀቱን ብጥለው ምን ይጎዳል?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም ከታላቅ ወንድሜ የተረከብኩት እንዲሁ ያለ ካርቶን ነበረኝ፤ ወደ እንዲህ ያለው ድርጅትም ሄጃለሁ። በእኔ የደረሰው በእርስዎ እንዳይደርስ፣ ቢረዝምም በዝርዝር ልመልስልዎ።

1. ወረቀቱን አይጣሉ። ጌሙ በእጅዎ ባይኖርም ማኑዋሉ የጌሙ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የነበሩት ካሴቶች የሚይዙት መረጃ እጅግ ጥቂት ስለነበር (እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ በሙሉ 40 ኪሎባይት ገደማ ነው) ታሪኩን በስክሪን ላይ ለመተረክ ቦታ አልነበረም፤ ታሪኩ ወደ ወረቀቱ የሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ማሪዮ በየመንገዱ የሚያገኛቸው ጡቦች በአስማት የተለወጡ የእንጉዳይ መንግሥት ነዋሪዎች መሆናቸውን ስክሪኑን ብቻ የተመለከተ ሰው በምን ያውቃል? በወርቃማ ካሴት የወጣው የዜልዳ ጌም የተጫዋቹን ውጤት በውስጡ ባለ ባትሪ ያስቀምጥ ስለነበር፣ ማሽኑ በሚጠፋበት ጊዜ ሪሴት የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ እንደሚገባ ማኑዋሉ አጥብቆ ያስጠነቅቃል፤ ይህን ያላነበበ ልጅ የደከመበትን ሁሉ ሊያጣ ይችል ነበር። ሜትሮይድ የተባለው ጌም ማኑዋል ደግሞ ዋናዋን ጀግና ሆን ብሎ እንደ ወንድ እየጠራ፣ ሴት መሆኗ ጌሙን በፍጥነት ለጨረሰ ተጫዋች ብቻ እንዲገለጥ አድርጓል። ይህን ሁሉ ዛሬ አንድ ሰው ካሴቱን ብቻ ይዞ ሊያገኘው አይችልም።

የኮምፒውተር ጌሞቹ ጉዳይ ከዚህም የከበደ ነው። አሳታሚዎቹ ጌሙ በሕገወጥ መንገድ እንዳይገለበጥ የመግቢያውን ቁልፍ በወረቀቱ ውስጥ ይደብቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ለዶስ (ለዚያ ዘመን የኮምፒውተር ሥርዓት) በወጣው ፕሪንስ ኦፍ ፐርዥያ በተባለው ጌም ተጫዋቹ በጠርሙሶች የተሞላ ክፍል ውስጥ ይገባና፣ ከማኑዋሉ በዚህ ገጽ፣ በዚህ መስመር ያለው ይህኛው ቃል የሚጀምርበትን ፊደል የያዘውን ጠርሙስ ጠጣ ይባላል፤ ማኑዋሉ የሌለው ሰው በግምት ካልሆነ በቀር አያልፍም። ሲምሲቲ የተባለው ጌም የኮድ ወረቀት ፎቶ ኮፒ እንዳይደረግ ተብሎ በጠቆረ ቀይ ወረቀት ላይ ታትሟል። ስታርትሮፒክስ ከተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ከወጣው ጌም ጋር ደግሞ አንድ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ ደብዳቤው ውኃ ሲነካው 747 የሚለው ቁጥር ይወጣል፤ ያለዚያ ቁጥር ጌሙ መሃል ላይ ይቆማል። ደብዳቤው የጠፋበት ካሴት የገዛ ልጅ ቁጥሩን ከሌላ ሰው ካልሰማ በስተቀር ያችን ቦታ የሚያልፍበት መንገድ አልነበረውም። የካሴቶቹና የዲስኮቹ ይዘት ዛሬ ተገልብጦ በብዙዎች እጅ ይገኛል። እየጠፋ ያለው ሰው እንደ ቆሻሻ የሚጥለው ይህ ወረቀት ነው።

2. ለስካን ድርጅት አይስጡ፤ የግድ ከሆነም ቆመው ሲሠሩ ይመልከቱ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። እኔ የሄድኩበት ድርጅት የቢሮ ሰነዶችን ወደ ኮምፒውተር በመገልበጥ የሚታወቅ ነበር። ከካርቶኑ ውስጥ ምርጥ ምርጦቹን፣ በተለይም የተጣጠፈ ካርታ ያላቸውንና ወንድሜ በልጅነቱ በእርሳስ የጻፈባቸውን መርጬ ወሰድኩ። በዚያ ዘመን ማኑዋሎች መጨረሻ ላይ ለማስታወሻ ተብለው ባዶ የተተዉ ገጾች ነበሩ፤ ወንድሜ በእነዚያ ላይ የይለፍ ቃላትን (ጌሙን ካቆሙበት ለመቀጠል የሚገቡ ምልክቶችን)፣ የዋሻ ንድፎችን፣ የትኛው ጠላት በምን እንደሚሸነፍ ሳይቀር መዝግቦ ነበር። ገጾቹ የሚያያዙበት ጀርባ እንዳይቆረጥ፣ የስቴፕለሩ ሽቦ እንዳይነቀል፣ እያንዳንዱ ገጽ በመስታወቱ ላይ ተዘርግቶ በቀለም ስካን እንዲደረግ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ ተረካቢው ሠራተኛም ፈርሞልኛል።

ለመረከብ በሄድኩ ጊዜ የተሰጠኝ በላስቲክ የታሰረ የብትን ወረቀት ክምር ነበር። ጀርባቸው በወረቀት መቁረጫ ማሽን ተቆርጧል። ካርታው ወረቀት በራሱ በሚስበው ማሽን ውስጥ እንዲገባ በእጥፋቱ መስመር ተበጣጥሷል። ህዳጉም ተስተካክሎ ስለተቆረጠ ወንድሜ በገጹ ጠርዝ ላይ ከጻፋቸው የይለፍ ቃላት የአንዳንዶቹ መጨረሻ ጠፍቷል። የሜትሮይድ የይለፍ ቃል 24 ምልክቶች ያሉት ነው፤ ጥቂቶቹ ሲጎድሉ ማሽኑ አይቀበለውም። ፋይሎቹም ቢሆኑ በጥቁርና ነጭ፣ ጽሑፉ እንኳ በግድ በሚነበብበት ጥራት የተሠሩ ነበሩ።

ቅሬታዬን ለኃላፊው ሳቀርብ የሰጡኝ መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። «ይህ እኮ የልጆች መጫወቻ ወረቀት ነው፤ መረጃው ፋይሉ ውስጥ አለልህ፤ ምን ጎደለብህ?» አሉኝ። የተፈረመውን ወረቀት ሳሳያቸው የሥራ ሂደታቸው ለሁሉም ደንበኛ አንድ መሆኑን ነግረውኝ የክፍያውን ግማሽ ሊመልሱልኝ አሰቡ። እኔ የጠየቅኩት ገንዘብ ሳይሆን የተቆረጡትን ቁራጮች ነበር። እነሱ ቀድሞውኑ ተጥለዋል። አንድ ልጅ በስንት ምሽት ድካም ያገኘውን ነገር በእርሳስ የጻፈበትን ወረቀት በዚህ ንቀት ሲያዩት፣ ነገሩ የቴክኒክ ስህተት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ለእኔ የሚቻል አልነበረም፤ ዛሬም አይቻለኝም።

መቆረጡ ለምን ይህን ያህል እንደሚጎዳ ልግለጽ። አብዛኞቹ ማኑዋሎች መሃል ለመሃል ታጥፈው በሁለት የስቴፕለር ሽቦ የተያዙ ስለሆኑ አንዱ ወረቀት አራት ገጽ ይሆናል፤ መሃል ላይ ያለው ሥዕል ወይም ካርታም ከግራው ገጽ ወደ ቀኙ ሳይቋረጥ ይሻገራል። ጀርባው ሲቆረጥ ከዚያ ሥዕል ጥቂት ሚሊሜትር ለዘላለም ይጠፋል፤ መጽሐፉም ዳግመኛ መጽሐፍ አይሆንም።

3. በራስዎ ስካን ያድርጉ። የተረፉትን በሙሉ የሠራኋቸው እኔው ነኝ፤ ከድርጅቱ ሥራ ጋር ሲተያዩ ልዩነቱ ለማንም ግልጽ በመሆኑ እኮራለሁ። ተራ የጠረጴዛ ስካነር ይበቃል። በኢንች 600 ነጥብ፣ በሙሉ ቀለም (ጥቁርና ነጭ የሚመስሉ ገጾችም ቢሆኑ) ያንሱና ዋናውን ጥራቱን በማይቀንሰው የቲፍ (TIFF) ፋይል ያስቀምጡ፤ መጠኑ የሚያንሰው ጄፔግ (JPEG) ለመላላኪያ ብቻ ይሁን። ኅትመቱ የተሠራው ከጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦች ስለሆነ በዝቅተኛ ጥራት ሲነሣ በሥዕሎቹ ላይ ሞገድ የሚመስል መስመር ይፈጠራል፤ በከፍተኛ ጥራት አንሥቶ በኋላ ማሳነስ ይሻላል። የወረቀቱ ጀርባ ጽሑፍ ዘልቆ እንዳይታይ ከገጹ በስተኋላ ጥቁር ወረቀት ያስቀምጡ። የስታርትሮፒክስ ደብዳቤ ካገኙ እባክዎ ውኃ አያስነኩት። የሲምሲቲውን ቀይ ወረቀት ደግሞ በቀለም ካነሡት በኋላ የቀለም ማስተካከያውን ሲያንቀሳቅሱት ምልክቶቹ እየለዩ ይመጣሉ።

የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፉ፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ይሆንና ወረቀቱን ይበላዋል። ላሚኔት ማድረግ ደግሞ በሙቀት የሚቀልጥ ማጣበቂያ ስላለው የማይመለስ ጥፋት ነው። ሽቦው የዛገ እንደሆነ እግሮቹን ከውስጥ በኩል ቀስ ብለው አቅንተው ያውጡትና በዚያው ቀዳዳ ክር ያሳልፉበት። የሚሸት ለስላሳ የፒቪሲ ፕላስቲክ ሳይሆን የፖሊስተር ወይም የፖሊፕሮፒሊን ከረጢት ይጠቀሙ፤ ፀሐይና እርጥበት ከማያገኘው ቦታም ያስቀምጧቸው።

ከየትኛው ልጀምር ካሉ፣ በመጀመሪያ ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው ነፃ የኢንተርኔት ቤተ መዛግብት ላይ ያለውን ይመልከቱ። በአሜሪካ ለወጡት የፕሌይስቴሽን 2 ጌሞች ከ1,900 በላይ ማኑዋሎች በከፍተኛ ጥራት እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያ ተቀምጠዋል፤ ስለዚህ እነዚያን ለመጨረሻ ቢያቆዩዋቸው ምንም አይጎዳም። ቅድሚያ የሚሰጣቸው በትልልቅ ካርቶን ይሸጡ የነበሩ የኮምፒውተር ጌሞች ወረቀቶች፣ እንደ ኡልቲማ ካሉ ጌሞች ጋር የሚመጡ በጨርቅ ላይ የታተሙ ካርታዎች፣ እንዲሁም የሰው የእጅ ጽሑፍ ያለባቸው ሁሉ ናቸው፤ የወንድምዎ ጽሑፍ በዓለም ላይ ሌላ ቅጂ የለውም። አዲስም ብዙ አይጨመርባቸውም፦ የጌም አሳታሚው ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2010 የወረቀት ማኑዋል እንደሚያቆም ካስታወቀ ወዲህ ሌሎቹም ተከትለውታል።

እኔ የሠራኋቸውን በነፃ አስቀምጬ ነበር። ከማላውቀው ሰው አንድ መልእክት ደረሰኝ፤ የእርሱ ማኑዋል መካከለኛ ገጾቹ ወልቀው ጠፍተውበት ነበርና ከእኔ ፋይል አትሞ እንደሞላው፣ በእጁ ከያዘውም ወረቀት መለየት እንዳቃተው ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ በማንም ድርጅት እጅ አሳልፌ አልሰጠሁም።

ካርቶኑን ሲከፍቱ የተጣጠፈ ካርታ፣ የኮድ ወረቀት ወይም በእጅ የተጻፈበት የማስታወሻ ገጽ ካገኙ፣ የጌሙን ስም እዚሁ ይጻፉልኝ፤ ቀድሞ ስካን የተደረገ መሆን አለመሆኑን ፈልጌ እነግርዎታለሁ።