ሺ እግሩ ልጅሽን አልነደፈውም

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ8 ዓመት ልጄ ጓሮ ካለ የበሰበሰ ግንድ ሥር ጣት የሚያክል፣ እግሩ ተቆጥሮ የማያልቅ ጥቁር ነገር ይዞ ገባ። መዳፉ ላይ ጥቅልል ብሎ እንደ ሳንቲም ሆነ። ከዚያ የልጄ እጅ ቡኒ ሆኖ ቀረ፤ ብናጥበውም አልለቅ አለ። መርዝ ነው? እሱ ደግሞ «ትል ነው ወይስ ነፍሳት?» እያለ ወጥሮኛል።
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ሺ እግር ነው፤ መንደፊያ እንኳ የለውም። ሲፈራ ከጎኑ ቤንዞኪኖን የሚባል ኬሚካል ያለበት ፈሳሽ ያወጣል፤ እጅ የሚያቀልመው እሱ ነው። ቀለሙ ቀስ እያለ ይለቃል። እኔም አንዴ ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ አንዱን አንስቼ፣ ማታ ሰው ቤት እራት ተጠራሁ። ሦስቴ ታጥቤ ነው የሄድኩት። የቤቷ እመቤት እጄን አየት አድርጋ ውሃውን ደገመችልኝ! ብቻ ዓይኑን እንዳያሽበት፤ ክፉኛ ያቃጥላል። ከነካው በብዙ ውሃ አጥበሽ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው።

እንዳልሽው ከሆነ ናርሲየስ አሜሪካነስ የሚባለው የሺ እግር ዝርያ ሳይሆን አይቀርም። በምሥራቅ አሜሪካ ጫካ ሞልቷል፤ እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። ትል አይደለም። ነፍሳትም አይደለም፤ ነፍሳት 6 እግር ነው ያላቸው። ከሸረሪትና ከሸርጣን ጋር አርትሮፖዳ በሚባለው፣ እግራቸው ባለመገጣጠሚያ በሆነ እንስሳት ምድብ ውስጥ ይገባል። መደቡ ዲፕሎፖዳ ነው፣ «ድርብ እግር» እንደማለት። ክፍለ መደቡ ስፓይሮቦሊዳ፣ ቤተሰቡ ስፓይሮቦሊዴ፣ ወገኑ ናርሲየስ።

ድርብ የተባለው በምክንያት ነው። ሰውነቱ በቀለበት በቀለበት የተከፈለ ነው፤ ከጭንቅላቱ አጠገብ ካሉት ጥቂት ቀለበቶች በቀር እያንዳንዱ ቀለበት ሁለት ጥንድ እግር አለው። መቶ እግር ግን በየቀለበቱ አንድ ጥንድ ብቻ ነው፤ እሱ ሥጋ በል ነው፣ መርዝም አለው። «ሺ» የሚለው ስም ግን ጉራ ነው። ከሺ በላይ እግር ያለው የተገኘው በፈረንጆቹ 2021 ይፋ የሆነው የአውስትራሊያው ብቻ ነው፤ 1,306 እግር።

ለልጁ አንድ የቤት ሥራ ልስጠው። ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ ከሥር ይመልከተው። ሰባተኛው ቀለበት ላይ እግሩ የጎደለ ከመሰለው ወንድ ነው፤ እዚያ ያሉት እግሮች ለመራቢያ ተለውጠው ወደ ውስጥ ገብተዋል። ባለሙያዎችም ይህን ዝርያ ከዘመዶቹ ሲለዩ የሚያዩት እነሱን ነው። ሲጨርስ እዚያው ግንድ ሥር ይመልሰው፤ የሚበላው የበሰበሰ ቅጠልና እንጨት ነው።